ጊታር ሳይችል የጊታርን ድምፅ የለወጠው ሬዲዮ ሠሪ



ሰሞኑን አኖ ላይ ሠርግ ተጠርተን ነበር። ጊታር የሚጫወተው ልጅ ጣቱ ጎበዝ ነው፤ ድምፁ ግን ጆሮ ይበሳል። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን እያነሱ ወደ ዳሱ ጫፍ ሸሹ። በኋላ ስናጫውተው፣ ጊታሩን ሸጦ ብድር ጨምሮበት ሌላ ሊገዛ ማሰቡን ነገረን። አምፕሊፋየሩን ጠጋ ብለን ስናይ ሁሉም ቁልፍ እስከ መጨረሻው ተዙሯል! ያኔ ነው የዚህ ሰውዬ ታሪክ ትዝ ያለን። ስሙን ጊታር ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ፦ ፌንደር።

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር፣ በአጭሩ ሊዮ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1909 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከብርቱካን ገበሬዎች ቤተሰብ ተወለደ። በ8 ዓመቱ በዕጢ ምክንያት ግራ ዓይኑን አጣ፤ በምትኩ የመስታወት ዓይን ተገጠመለት። ልጅ ሳለ ሬዲዮ መፍታትና መግጠም ይወድ ነበር። የተማረው ግን የሂሳብ አያያዝ ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ሥራውን ሲያጣ፣ በ1938 600 ዶላር ተበድሮ ፉለርተን በምትባል ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ።

ነቀምቴም ሆነ ባኮ እንደምናያቸው ሬዲዮ ሠሪዎች ቤት አስቡት። ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ሬዲዮ፣ መሬት ላይ የሽቦ ክምር። የአካባቢው ሙዚቀኞች የተበላሸ አምፕሊፋየር ይዘው ይመጣሉ፤ ሊዮ እየጠገነ ምን እንዳስቸገራቸው ይጠይቃል። እሱ ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም፤ ዕድሜውን ሙሉም አልተማረም። ለዚህም ይመስለናል የሚጫወቱትን እንደዚያ ያዳምጥ የነበረው።

በ1951 ዛሬ ቴሌካስተር የምንለው ጊታር ስሙን አገኘ። በዚያው ዓመት ፕሪሲዥን የተባለው ቤዝ ጊታር መጣ፤ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተር። ስትራቶካስተር ድምፅ የሚቀበሉ 3 ፒክአፖች አሉት፤ መምረጫውም ያኔ 3 ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾቹ ግን መምረጫውን በሁለቱ ቦታዎች መሀል እያስቆሙ ሌላ ድምፅ አገኙ። ፋብሪካው ይህን ተቀብሎ ባለ 5 ቦታ መምረጫ የገጠመው በ1977 ነው።

የአምፕሊፋየሩም ታሪክ እንዲሁ ነው። ሊዮ የሚወደው ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፤ ደንበኞቹም በብዛት የአገሬው የካንትሪ ሙዚቃ ተጫዋቾች ነበሩ። ቤዝማን የተባለውን አምፕሊፋየር ለቤዝ ጊታር ብሎ ሠራው፤ የጊታር ተጫዋቾች ወሰዱት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ላይ ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ እሱኑ መነሻ አድርገው የራሳቸውን አምፕ ሠሩ፤ የሮክ ሻካራ ድምፅ ከዚያ ጎለበተ። በ1969 ዉድስቶክ ላይ ጂሚ ሄንድሪክስ የሊዮን ስትራቶካስተር ከማርሻል አምፕ ጋር አገናኝቶ ሲያስጮኸው፣ ሊዮ ያላሰበውን ድምፅ ዓለም ሰማ።

ሊዮ ሕመም ሲጠናበት በ1965 ኩባንያውን ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ኋላ ሌላ ሐኪም አዳነው፤ እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ። በስተርጅና ፓርኪንሰን ይዞትም ቢሆን ከሥራ ጠረጴዛው አልራቀም። መጋቢት 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ወደ አኖው ልጅ እንመለስ። አምፕ ላይ ያሉት ቁልፎች ቤዝ፣ ሚድልና ትሬብል እንደ ሙዚቃው ዓይነት እንዲዞሩ የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ ሁሉንም መሀል ላይ፣ 5 ቁጥር ላይ አቁሙ። ለትዝታና ለዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን ጌይኑን ዝቅ፣ የአንገት በኩሉን ፒክአፕ መምረጥ፣ ሪቨርብ በትንሹ። ለጭፈራ ደግሞ ትሬብሉን ትንሽ ከፍ፣ ቤዙን ቀነስ፤ ወፍራሙን ድምፅ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ይዘውታል። ለሬጌ ጥርት ያለና ቆረጥ የሚል ድምፅ። ለሮክ ጌይኑን ጨምሩ፤ ሚድሉን ግን አታጥፉት፣ ከባንዱ መሀል ትጠፋላችሁ። ለመዘምራን ስታጅቡ ሚድሉን ቀነስ አድርጉ፤ የሰው ድምፅ የሚቀመጠው እዚያው ነው። ቤት ውስጥ ያማረ ድምፅ ዳስ ውስጥ ሌላ ስለሚሆን፣ ሰው ከገባ በኋላ እንደገና አስተካክሉ። አንድ ጓደኛችሁን ደግሞ ሩቅ አቁማችሁ አስደምጡት።

ልጁም ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ቁልፎቹን ወደ መሀል መልሶ፣ ትሬብሉን ቀንሶ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን ይዘው ተመለሱ። ጊታሩን መሸጡን ለጊዜው ትቶታል።

ጊታር የሚጫወት ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ብድር ከመግባታቸው በፊት ይህን አጋሯቸው። ሰፈራችሁ ያለውን ሬዲዮ ሠሪም ሰላም በሉልን።

መልካም ሰንበት!