እንዶድን ከልብስ ማጠቢያነት ወደ ላቦራቶሪ ያደረሱት ሳይንቲስት

ከሐዋሳ መሃል ከተማ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው ዓሣ አጥማጆች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ሲሠሩ ያያል። በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ናቸውና ሥራው ከጤና ጣጣ ነፃ አይደለም። ይህን በሽታ በአጥር ጥግ በሚበቅል ተክል ለመግታት ዕድሜያቸውን የሰጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ተመርቀዋል። እ.አ.አ በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ብቻ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። ከላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ ቀንድ አውጣ ያለበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቁ። ጨመረች፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። እናቶች ለዘመናት በእጃቸው የያዙት ሳሙና የሳይንስ ጥያቄ የሆነው እዚያ ነው።

በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተደረገው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ያም ሆኖ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ከውጭ የሚገዛው ኬሚካል ውድ በሆነበት ዘመን ይህ መዘግየት የሚያስቆጭ ነው።

የግብርናውን ሥራ የመሩት ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ፍሬያማና ጠንካራ የሆነውን ዓይነት 44 መረጡ። የእንዶድ ወንድና ሴት ተክል የተለያየ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። በቁራጭ ግንድ ይራባል። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ ሲደርቅ ኃይሉ ይበልጣል። ነገር ግን ዓሣንም ስለሚገድል፣ የዓሣ ሀብት ባለበት ሐይቅ እንደ ወንዝ ዳር ልብስ ማጠቢያ በዘፈቀደ የሚጨመር አይደለም።

ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ቆይቶም እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለበስ እንስሳትን እንደሚገድል ታወቀ፤ የባለቤትነት መብቱ በዚያው አገር ሲመዘገብ፣ ተክሉን ያቆየው የኢትዮጵያ ገበሬ ምን ይደርሰዋል የሚል ክርክር ተነሣ።

ዶክተር አክሊሉ በ1989 ዓ.ም አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።