ቄስ ጉዲና ቱምሳ፦ ከመንግሥት ያልሸሹ፣ ለመንግሥትም ያልሰገዱ እረኛ

በአብያተ ክርስቲያናችን ብዙ ጊዜ ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ ክርስቲያን በመንግሥትና በሕዝብ ጉዳይ ምን ድርሻ አለው የሚለው ነው። በማገለግልበት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የምእመናኑ ኑሮ ራሱ ይህን ጥያቄ ያስነሣል። ከጉባኤው መካከል በወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ የሚያስተናግድ አለ፤ በፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ ተመርጦ ስለ ባልንጀሮቹ የሚናገር አለ፤ ግብር የሚሰበስብም ግብር የሚከፍልም አለ። አንዳንዶች ፖለቲካ የዓለም ነገር ነው፣ የእኛ ሥራ ነፍስ ማዳን ብቻ ነው ብለው ይርቃሉ። ሌሎች ደግሞ የእኛ ሰው ሥልጣን ከያዘ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብለው ይጠብቃሉ። ሁለቱም ወገኖች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ የእግዚአብሔር ሰው በአገራችን ነበሩ። እርሳቸውም ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው።

ከቦጂ እስከ ነቀምቴ

ቄስ ጉዲና በሚያዝያ ወር 1921 ዓ.ም. በወለጋ ቦጂ ተወለዱ። በዚያ አካባቢ ወንጌል ሥር የሰደደው ከእርሳቸው ልደት በፊት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በነቀምቴ ሲያስተምሩና ሲሰብኩ ኖረው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። ጉዲና በሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ነቀምቴ ሄደው በሚስዮኑ ሆስፒታል በዝቅተኛ ሥራ ጀመሩ፤ ኋላም ድሬሰር ሆኑ። ቁስል ያጠበ እጅ የሰውን ሥቃይ ከመጽሐፍ ብቻ አይማርም። ይህ ሥራ በኋላ ዘመን ስለ ቤተ ክርስቲያን ተልእኮ ላስተማሩት ትምህርት ጥሩ መሠረት ሆኗቸዋል ብንል አንሳሳትም።

ይሁን እንጂ የጌታ ጥሪ ወደ ወንጌል አገልግሎት አመጣቸው። የነገረ መለኮት ትምህርት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1958 የቅስና ማዕረግ ተቀበሉ። በማግሥቱ ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እንደ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። ያን ጊዜ ምእመናኗ 20 ሺህ ገደማ ነበሩ።

ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ሴንት ፖል በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። እነዚያ ዓመታት በአሜሪካ ጥቁሮች ስለ እኩልነት የታገሉባቸው ዓመታት ነበሩ። ከትግሉ ታላላቅ መሪዎች አንዱ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተባለ የባፕቲስት መጋቢ ነበር። የእኩል መብት ሕጉም እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣ። ከመድረክ የሚሰበከው ቃል የአገርን ሕግ እስከ መለወጥ ሊደርስ እንደሚችል ዓለም ሁሉ ያየበት ጊዜ ነበር።

ሙሉውን ሰው ማገልገል

ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ደግሞ አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ። አቶ አማኑኤል የንጉሠ ነገሥቱ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ ታማኝ ክርስቲያን ናቸው። እንግዲህ ያቺ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ሥራ መሳተፍን እንደ ኃጢአት አልቆጠረችም። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፈተች፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በተጀመረው የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በገጠር ያለውን ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አስተማረች። ማንበብ የቻለ ገበሬ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል፤ የሚፈርምበትንም ውል ያነባል።

በዚያን ጊዜ ግን አንድ ችግር ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣው እርዳታ ለልማት በብዛት ይገኝ ነበር፤ ለወንጌል ሥርጭትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን በጣም ያንስ ነበር። በግንቦት 1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በቄስ ጉዲና ዋና ጸሐፊነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤው ሐሳብ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት ሊከፈል አይገባም፣ ወንጌልና ልማት ተለያይተው ሊታዩ አይገባም የሚል ነበር። ዳቦ ሰጥቶ ክርስቶስን መደበቅ ሰውን ማጉደል ነው። ክርስቶስን ሰብኮ የተራበውን ማለፍም እንዲሁ ነው። ይህ ከድሃ አገር የወጣ ድምፅ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት አነጋገረ። በ1974 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ በዚሁ ጉዳይ ላይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገ።

የአብዮቱ ፈተና

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ቄስ ጉዲና ይህን ለውጥ በጭፍን አልተቃወሙም። ጭሰኛው ገበሬ መሬት ማግኘቱን፣ ለዘመናት የተረገጠው ሕዝብ ቀና ማለቱን መልካም አድርገው ተቀበሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱ ባወጣችው የእረኝነት መልእክት ድንበሩን በግልጽ አስቀመጠች። ምእመናን ለአገራቸው እድገት ከሕዝባቸው ጋር ይሠራሉ፤ ሆኖም የትኛውም ርዕዮተ ዓለም የመጨረሻው እውነት ሊሆን አይችልም፤ ፍጹም ታዛዥነት የሚገባው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው።

ይህ ድንበር በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። አብዮቱን ከሁሉም በላይ የሚያደርገው መፈክር በየአደባባዩ ይጮህ ነበር። ከሁሉም በላይ ጌታ ነው ብለው መፈክሩን አንልም ያሉ ወጣቶች ተደበደቡ፣ ታሰሩ። የእሑድ ጠዋት ስብሰባ ከአምልኮ ሰዓት ጋር ተጋጨ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወንጌልን ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። ብዙ ጸሎት ቤቶችም ተዘጉ።

ቄስ ጉዲና በዚህ ሁሉ መካከል አብያተ ክርስቲያናት ተለያይተው እንዳይመቱ በጋራ የሚመክሩበትን ምክር ቤት ካቋቋሙት መሪዎች አንዱ ነበሩ። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የፖለቲካ ትግልን መንገድ መርጠው ነበር። ቄስ ጉዲና ግን እረኝነታቸውን ያዙ። ቢሆንም ነጻ ሆኖ የሚናገር እረኛ ለፈላጭ ቆራጭ አገዛዝ አይመችም። ከጥቅምት 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ።

በውጭ ያሉ ወዳጆቻቸው ሕይወታቸው አደጋ ላይ መሆኑን አይተው ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አዘጋጁላቸው። በዚህም ጉዳይ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ እጃቸው ነበረበት። ቄስ ጉዲና ግን መንጋውን ጥዬ አልሄድም አሉ። ጀርመናዊው መጋቢ ዲትሪክ ቦንሆፈርም እ.ኤ.አ. በ1939 ከአሜሪካ ወደ አገሩ የተመለሰው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የሂትለር መንግሥት በ1945 ሰቀለው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ ኡራኤል በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ በዚያው ሌሊትም ተገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ነበር። አስከሬናቸው የት እንዳለ ቤተሰባቸውም ቤተ ክርስቲያናቸውም ለ13 ዓመት ያህል አላወቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳ ከጥቂት ወራት በኋላ ተይዘው ከባድ ሥቃይ ደረሰባቸው፤ ዐሥር ዓመት ገደማም በእስር ቆዩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የቄስ ጉዲና አስከሬን ተገኝቶ በክብር ተቀበረ። በዚያው በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ አስከሬንም የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። የአገዛዙ ሰይፍ በቤተ እምነት አልለየም።

ለእኛ ዘመን ምን ይላል?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ያለንበት ዘመን ከዚያ እጅግ ይለያል። መካነ ኢየሱስ ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን አሏት። በ2010 ዓ.ም. የወንጌል አማኝ የሆኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ወደ ሥልጣን መጡ። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ተቋቋመ። ስለዚህ አባቶቻችን ያላዩትን ነጻነት አይተናልና እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ሆኖም የእኛ ፈተና የእነርሱ ፈተና አይደለም። እነርሱ የተፈተኑት በመንግሥት ጥላቻ ነው፤ እኛ የምንፈተነው በመንግሥት ቅርበት ነው። ለተጠላ ሰው እውነትን መናገር ነፍሱን ያስከፍለዋል፤ ለተወደደ ሰው ደግሞ ወንበሩን፣ ቦታውን፣ ጥሪውን ያስከፍለዋል። ብዙ ጊዜ ዝም የሚያሰኘን ይህ ሁለተኛው ነው።

ሮሜ ምዕራፍ 13 ለባለ ሥልጣን እንድንገዛ ያስተምረናል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ደግሞ የመታዘዝ ድንበር የት እንደሆነ ያሳየናል። ቄስ ጉዲና ሁለቱንም ምዕራፎች አንድ ላይ ኖሩባቸው። የመሬት አዋጁ ሕዝቡን ሲጠቅም ደገፉ፤ አብዮቱ የእግዚአብሔርን ቦታ ሲይዝ እምቢ አሉ። መንግሥትን የሚደግፉት ስለሚወዳቸው አልነበረም፤ የሚቃወሙትም ስለሚጠላቸው አልነበረም። መለኪያቸው ቃሉና የተገፋው ሰው ነበሩ።

እንግዲህ በወረዳ ወንበር ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ባለጉዳይን ያለ ጉቦና ያለ ዘር ልዩነት ብታስተናግድ፣ ከራስህ ጉባኤ የመጣውንም ተራውን ብታስጠብቀው፣ በዚያች ጠባብ ቢሮ ክርስቶስን ሰብከሃል። በፋብሪካ ያለሽ እህቴ፣ ስለ ደመወዙ የተበደለውን ባልንጀራሽን ቆመሽ ብትናገሪለት ይህ ከወንጌል ውጪ አይደለም። እኛ አገልጋዮች ደግሞ መንግሥት መልካም ሲሠራ እንመስክርለት፤ ሰው ሲገፋ ግን ገፊው የእኛ ሰው ነው ብለን ዝም አንበል። ቤተ ክርስቲያን በአገር ላይ ያላት ጉልበት ከቤተ መንግሥት ያላት ርቀት ወይም ቅርበት አይደለም። ጉልበቷ ለአንዱ ጌታ ብቻ መስገዷ ነው።

የቄስ ጉዲናን እምነት እንድንከተል ጌታ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።