አባ ገብረ ሚካኤል፤ የመጽሐፍን ትርጓሜ የፈለጉ መነኩሴ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ በቆቦ ሜዳና በራያ ቆላ የምትኖር ብትሆን፥ ጎርፍ ከተራራ በወረደ ጊዜ ገበሬው ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ እንደሚመልሰው ታውቃለህ። ውሃውን የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ የውሃ አባት ቦዩን ይጠብቃል፥ ለሁሉም ተራውን ያደርሳል እንጂ ውሃውን አልፈጠረም። ይህን በልብህ ይዘህ በሰንሰለት ታስረው ወደ ወሎ ሲወሰዱ የሞቱትን የአንድ መነኩሴ ኑሮ ስማ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ፤ ልባቸው ግን ለትምህርት የነቃ ነበረ። በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ። የመነኰሳት ኑሮ ከጥንቱ ሥርዓት መራቁን ባዩ ጊዜም ምክንያቱን ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ።

በዚያ ዘመን የሀገራችን ሊቃውንት ተዋሕዶ፥ ቅባት፥ ሦስት ልደት እየተባሉ ተለያይተው ነበር። ከሚከራከሩባቸውም ነገሮች አንዱ ጌታችን በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ የሚለው የመጽሐፍ ቃል ነበረ። ሁሉም ያንኑ መጽሐፍ ይሳለማሉ፥ ሁሉም የእግዚአብሔር ቃል ነው ብለው ያምናሉ፤ በትርጓሜው ግን ይጣላሉ። ክርክሩም እስከ 1878 እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ቆየ። እንግዲህ አባ ገብረ ሚካኤልን ያስጨነቃቸው መጽሐፍ እውነት መሆኑና አለመሆኑ አልነበረም፤ የመጽሐፍን ትርጓሜ ሳይለውጥ የሚጠብቅ ማን እንደ ሆነ ነበረ እንጂ።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ በላኩ ጊዜ ከመልእክተኞቹ አንዱ ሆኑ፤ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ካህን ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም አብረዋቸው ነበሩ። ሮማንና ኢየሩሳሌምንም አዩ። በተመለሱ ጊዜ ግን ፈጥነው አልወሰኑም፤ ብዙ ጠየቁ፥ ብዙ ጸለዩ። በ1844 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ በ1851ም ቅስና ተሾሙ።

ያገኙትም ትምህርት ይህ ነው። የቅዱስ መጽሐፍ ደራሲ እግዚአብሔር ነው፤ ሰዎቹ ጸሐፊዎች ግን ሕይወት እንደሌለው ብርዕ አልነበሩም፥ በገዛ አእምሯቸውና ቋንቋቸው ጻፉ እንጂ። ሉቃስ መርምሮ በተራ እንደ ጻፈ ራሱ ይነግረናል፤ ነገር ግን የጻፈው ለመዳናችን እግዚአብሔር የፈቀደውን ነው። መጽሐፍ የራሱን መጻሕፍት ቍጥር አይነግረንምና ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት በተቀበለችው ትውፊት ለየቻቸው፤ የትሬንት ጉባኤም በ1546 ዝርዝራቸውን አጸና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ በ1965 የቤተ ክርስቲያን መምህራን ከእግዚአብሔር ቃል በላይ ሳይሆኑ አገልጋዮቹ መሆናቸውን አስተማረ። እነሆ፥ የውሃ አባት ማለት ይህ ነው።

በ1854 አቡነ ሰላማ በጎንደር አሳሰሯቸው፤ እግራቸውም በግንድ ተያዘ። በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው ተገረፉ፥ ሞትም ተፈረደባቸው። የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ማለዱላቸው ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ። ሠራዊቱ ወደ ወሎ ሲዘምት ሽማግሌው በሰንሰለት አብረው ተነዱ፤ በዚያው ዓመትም በመንገድ ላይ ዐረፉ። በ1926 ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የተጻፈው በማንም ወንድምህ ላይ ቂም እንድትይዝ አይደለም፤ ያሳሰሩትም የታሰሩትም ያንኑ ወንጌል ይሳለሙ ነበርና። ራስህን መርምር። ጥቅስ የምታጠናው ጎረቤትህን በክርክር ለመርታት ነውን? ወይስ ኑሮህን ልታቀና? ያልገባህን ቃል እንደ ወደድህ ትተረጕማለህን? ወይስ ከአንተ በፊት ያመኑት እንዴት እንደ ተረዱት ትጠይቃለህ? አባ ገብረ ሚካኤል ብዙ ዘመን ጠየቁ፤ መልሱን ባገኙ ጊዜ ግን ዋጋውን አልቈጠሩም። ውሃ ቦዩን ሞልቶ ሳለ ማሳው ቢደርቅ ጥፋቱ የውሃው አይደለም፤ በሩን የዘጋው የገበሬው ነው። እንግዲህ የልብህን በር ክፈት፤ ቃሉም በሥራህ ፍሬ ያፍራ። አሜን።