አባ ተስፋ ጽዮንና በግዕዝ የታተመው አዲስ ኪዳን

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ የሚያነበውን ለማስተዋል ግን መሪ እንደሚያሻው ሳያፍር ለፊልጶስ ገለጠለት። ከብዙ ዘመናት በኋላም አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ቅዱስ መጽሐፍን ይዘው በባዕድ አገር የሌሎችን እርዳታ ሽተዋል። እኒህም አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው።

አባ ተስፋ ጽዮን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1510 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኩሴ ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘመናቸው የመከራ ዘመን ነበር። በ1530ዎቹ መጀመሪያ፣ በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ ገዳማቸው ተቃጠለ። በሌሎችም አድባራት ብዙ የብራና መጻሕፍት ጠፉ። በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ከሌለው፣ አንዴ እሳት ከበላው ተመልሶ አይገኝም።

አባታችን በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ሮም ደረሱ። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር ተቀመጡ። ሮማውያን ጴጥሮስ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊ ዘንድ ሞገስን አገኙ፤ ከቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላም ጋር ተዋወቁ።

በዚያች ከተማ መዝሙረ ዳዊት በ1513 በግዕዝ ታትሞ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮንም አዲስ ኪዳንን በማተሚያ መኪና ለማባዛት ቈርጠው ተነሡ። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የተባሉ ወገኖቻቸው አገዟቸው። አራቱ ወንጌላትና ሌሎች የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ከሥርዓተ ቅዳሴ ጋር በ1548፣ የቅዱስ ጳውሎስ 13 መልእክታት ደግሞ በ1549 ታትመው ወጡ።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ፊደል የሚለቅሙት አታሚዎች ግዕዝን ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱም የኅትመትን ጥበብ አያውቁም። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ቅጂም ጎደሎ ስለ ነበር፣ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መለሱት። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን ሁሉ አልሸሸጉም። ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ሆነው መሥራታቸውን በመጽሐፉ ጽፈው፣ ስለ ስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ። ያ ኅትመት ከነጉድለቱ በ1657 በለንደን በብዙ ቋንቋዎች በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለግዕዙ አዲስ ኪዳን መሠረት ሆነ።

አባ ተስፋ ጽዮን በ1552፣ ገና በ40ዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ፣ በሮም አቅራቢያ በምትገኘው በቲቮሊ ዐረፉ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

ውድ አንባብያን! ዛሬ በዓለም ባንክ ሠፈር የሚኖር ምእመን መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ታትሞ ያገኘዋል። ሆኖም በመደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ መጽሐፍ ለነፍሳችን ከተቃጠለ ብራና በምን ይሻላል? ጃንደረባው መጽሐፉን ገልጦ በማንበቡና ባልገባው ነገር በመጠየቁ ጥምቀትን ለመቀበል በቃ።

በተለይም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከዚህ አባት የምንማረው አለ። የምናስተምረው ሁሉን ስላወቅን አይደለም። ሕፃናት ለሚያቀርቡልን ከባድ ጥያቄ መልስ ሲጠፋን፣ አለማወቃችንን አምነን፣ ካህናትንና የሚያውቁትን ጠይቀን መመለስ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ጉድለታችንን ሸፍነን ያልተረዳነውን ማስተማር፣ ወይም ጉድለታችንን ሰበብ አድርገን ዝም ማለት ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ከሁለቱም ርቀው፣ ያላቸውን ሰጡ፤ የጎደላቸውን ተናዘዙ።

እግዚአብሔር ቃሉን የምናነብበትን ትጋት፣ የምናስተውልበትን ትሕትና ያድለን። አሜን።