ጭስን ለማጥራት የደከመው ሰው፤ የዩጂን ሁድሪ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ በብዙ አገር የሚሠሩት የቤንዚን መኪናዎች ከሥራቸው የጭስ ማጣሪያ ይገጠምላቸዋል። ይህን ማጣሪያ አስቀድመው ካሰቡት ሰዎች ዋነኛው ዩጂን ሁድሪ ነው። እኛ የዚህ ዓመት ተመራቂዎች ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ የወደድነው፥ ትዕግሥቱ ለተማሪ ሁሉ ትምህርት ይሆናል ብለን ስላሰብን ነው።

ሁድሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 ዓ. ም. በፈረንሳይ አገር በፓሪስ አጠገብ ዶሞን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የብረት ፋብሪካ ነበረው። እርሱም የመካኒክ ምህንድስና ተምሮ በ1911 ዓ. ም. ከጓደኞቹ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በታንክ ክፍል ተሰልፎ በ1917 ዓ. ም. ቆሰለ፤ ስለ ጀግንነቱም ኒሻን ተሸለመ። የመኪና እሽቅድምድም ይወድ ስለ ነበር፥ ከጦርነቱ በኋላ የተሻለ ቤንዚን የሚገኝበትን መንገድ ይመራመር ጀመር።

ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ነገሮች መለዋወጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። ሁድሪ የከባድ ዘይትን እንፋሎት ከሸክላ አፈር በተዘጋጀ ካታሊስት ላይ እያሳለፈ ወደ ጥሩ ቤንዚን ለወጠው። ነገር ግን ካታሊስቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሰል እየለበሰ ሥራውን ያቆም ነበር። ሁድሪ ተስፋ ሳይቆርጥ አየር እየነፋበት ከሰሉን አቃጠለና፥ ወርቅ በእሳት እንደሚጠራ፥ ካታሊስቱን አድሶ ወደ ሥራው መለሰው። በ1930 ዓ. ም. ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1937 ዓ. ም. በፔንሲልቬንያ በማርከስ ሁክ ትልቁ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ።

እነሆ፥ ለዓለም ቤንዚን ያበዛው ይኸው ሰው፥ ዕድሜው ወደ ስድሳ ሲጠጋ፥ የቤንዚን ጭስ የሰውን ሳንባ እንዳይጎዳ ይጨነቅ ጀመር። ኦክሲ ካታሊስት የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ መርዘኛውን ጭስ በካታሊስት የሚያቃጥል ማጣሪያ ሠራ፤ በ1956 ዓ. ም. የፈጠራ መብት ተሰጠው። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን በቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበርና፥ እርሳሱ በካታሊስቱ ላይ እየተለጠፈ ማጣሪያውን ገደለው። ከሰል በእሳት ይለቃል፤ እርሳስ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ሁድሪ በ1962 ዓ. ም. ሞተ። በአሜሪካ አዳዲስ መኪናዎች በብዛት ማጣሪያ ተገጥሞላቸው እርሳስ የሌለበት ቤንዚን መቅዳት የጀመሩት በ1975 ዓ. ም. ሞዴል ስለ ሆነ፥ የድካሙን ፍሬ አላየም።

ከእርሳስ በኋላ የቀረው ጠላት ድኝ ነው። ድኝ ከድፍድፍ ዘይት ጋር ከመሬት ስለሚወጣ፥ ማንም ሳይጨምረው በቤንዚን ውስጥ ይገኛል። በሞተር ውስጥ ከተቃጠለ በኋላ በማጣሪያው ፕላቲነም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም ላይ ተቀምጦ፥ ጭሱ የሚነጻበትን ቦታ ይይዝበታል። ሆኖም ማጣሪያው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግልና በጭሱ ውስጥ ኦክሲጅን ሲያንስ፥ አብዛኛው ድኝ ለቅቆ ይሄዳል፤ ማጣሪያውም ኃይሉ ይመለስለታል። ነገር ግን ግለት ሲበዛ የብረቶቹን ደቃቅ ቅንጣቶች እያጣበቀ ያደክማቸዋል፤ ድኝ የበዛበት ቤንዚን እንደ ገና ሲቀዳም መርዙ ይመለሳል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ዓ. ም. ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ ያለው ድኝ ከሚሊዮን እጅ 10 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ።

እንግዲህ ከሁድሪ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ የደከመውን ከመጣል ማደስ እንደሚሻል ነው። ሁለተኛው፥ መርዝን ከገባ በኋላ ከማውጣት አስቀድሞ መከልከል እንደሚበልጥ ነው። እኛም ነገ በየሥራችን ስንሰማራ፥ ፍሬውን ራሳችን ባንበላው እንኳ ለሚመጣው ትውልድ መልካም ዘር ልንዘራ ይገባናል።