ሲልቪያ ፓንክረስት፤ በስተርጅና አገር የለወጡ ሴት

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከኖረበት ቀዬ መራቅ አይወድም። የለመደው ጎረቤት፣ የሚያውቀው መንገድና የአፍ መፍቻ ቋንቋው ይይዙታል። እናንተም ይህን በአያቶቻችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ግን በሰባ አራት ዓመታቸው ቤታቸውን ትተው ወደ ሩቅ አገር ተሻገሩ። ታሪካቸውን ስታነቡ እንግዳ በሰው አገር ቤተኛ የሚሆነው በምን እንደ ሆነ አስተውሉ።

ሲልቪያ በ1874 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ሥዕል ተማሩ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሴቶች የሕዝብ እንደራሴ የመምረጥ መብት ስላልነበራቸው፣ ከእናታቸውና ከእህታቸው ጋር ለመብቱ ታገሉ። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ታሰሩ፤ በእስር ቤትም ምግብ አንበላም ብለው ተሠቃዩ። የደከሙለት መብት በ1910 ዓ.ም. በከፊል፣ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ከወንዶች እኩል ተፈቀደ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሲልቪያ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ በእንግሊዝ አገር አቋቋሙ። ጋዜጣው ለሃያ ዓመታት ያህል ታተመ። ከነጻነት በኋላም በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታል ገንዘብ አሰባሰቡ። በ1946 ዓ.ም. የኑሮ ጓደኛቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ዐረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባደረጉላቸው ግብዣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ መጥተው መኖር ጀመሩ።

ይህ ለአንዲት አሮጊት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ገምቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት አየሯ ስስ ነው፤ ዳገቷም ትንፋሽ ያሳጥራል። ፊደሉ፣ የዘመን አቈጣጠሩ፣ የቀኑ ሰዓት እንኳ እንግሊዝ አገር ከለመዱት ይለያል። በሰው አገር የሚጦር ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀለው የአገሩን ልጆች ፈልጎ የትናንቱን እያወሱ መኖር ነው። ሲልቪያ ግን ለመጦር አልመጡም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ ወርኃዊ መጽሔት በእንግሊዝኛ ማሳተም ጀመሩ። ስለ ትምህርት ቤቶች፣ ስለ ሆስፒታሎች፣ ስለ ሴቶች ኑሮ፣ ስለ ታሪክና ስለ ኪነ ጥበብ ለመጻፍ መጠየቅ፣ መጐብኘትና ማዳመጥ ነበረባቸው። እንዲህ ሲያደርጉ አዲሱን አገር በሥራቸው ዐወቁት፤ አገሬውም እርሳቸውን ዐወቀ። ልጃቸውም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር።

አባቶቻችን እንግዳ ሲሰነብት ክብሩ ከወርቅ ወደ ብረት እንደሚወርድ ይናገራሉ። ሲልቪያ አራት ዓመት ሲኖሩ ክብራቸው ያልወረደው፣ እንደ እንግዳ ተቀምጠው መስተናገድን ስላልፈለጉ ነው። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ቀን፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። የተቀበሩትም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ለአርበኞች በተለየው ስፍራ ነው።

እንግዲህ እናንተም አንድ ቀን ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለኑሮ ከቀያችሁ ርቃችሁ ትሄዱ ይሆናል። ያን ጊዜ አዲሱ አገር ምን እንደሚሰጣችሁ ብቻ ሳይሆን፣ እናንተ በዚያ ምን ልትሠሩ እንደምትችሉ ጠይቁ።