ዶክቶር ላምቢ፤ ጅማን ብለው ሆሳዕና የገቡት ሐኪም

ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወርድ መንገደኛ ጉዞውን በግማሽ ቀን ይፈጽመዋል። በ1920 ዓ.ም. በበልግ ወራት ግን በዚያው አቅጣጫ የወረደ አንድ የበቅሎ ጓዝ ነበረ። መድኃኒት፣ ድንኳንና መጽሐፍ የጫነ ሲሆን፣ መሪው ቶማስ ላምቢ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ነበሩ። ሐሳባቸው ጅማ ለመግባት እንጂ ሆሳዕና ለመቀመጥ አልነበረም።

ላምቢ በ1877 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ከተማሩ በኋላ ወደ ሱዳን ተሻግረው በሶባት ወንዝ አጠገብ ለብዙ ዓመታት አገለገሉ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ አገሩ ሁሉ በተጎዳበት ጊዜ፣ የሳዮ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም ቢሹ፣ ላምቢ ሚስታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ወለጋ ወጡ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በጎሬ ከራስ ናደው ጆሮ በሕይወት ያለ ጢንዚዛ አወጡ ይባላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጢንዚዛ ጆሮው ውስጥ ለገባበት ሰው ግን ቀላል አይደለም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በዋና ከተማው ሐኪም ቤት እንዲሠሩ ፈቀዱላቸውና በጉለሌ ሐኪም ቤቱ ቆመ። ገንዘቡን ባዋጣው አሜሪካዊ ስም ጆርጅ ተባለ።

እዚያው በክብር መቀመጥ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሐኪም ያልደረሰበት የደቡቡ አገር ያሳስባቸው ነበርና ከጓደኞቻቸው ጋር አዲስ ማኅበር አቋቁመው፣ ማኅበሩም ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ጋር ተጣምሮ፣ በ1920 ዓ.ም. ጉዞውን ጀመሩ። ደጃዝማች ብሩ በዚያን ጊዜ የሲዳሞ ገዥ ሆነው ነበርና የድሮ ወዳጃቸውን ወደ ግዛታቸው ጋበዟቸው። የከምባታው ገዥ ደጃዝማች መሸሻም እንግዶቹን በደኅና ተቀበሏቸው። የጅማው ነገር ቀረና ጓዙ በሦስት ተከፈለ፤ አንዱ ቀድሞ ዋቸሞ በምትባለው በሆሳዕና፣ ሁለተኛው በወላይታ ሶዶ፣ ሦስተኛው በሲዳሞ ተቀመጠ። በእነዚህ ስፍራዎች ሕክምናና ትምህርት ቤት ተከፈተ።

እዚህ ላይ ጥቂት ከታሪኩ ወጣ እንበል። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓ.ም. ሆሳዕናና አካባቢዋ በሕፃናት ማሳደጊያ ቤቶች የታወቁ ነበሩ፤ ብዙ ልጆችም ከዚያ በማደጎ ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ማደጎ በሕግ ተከለከለ። በእንዲህ ያለ ቤት ሁለት ሳምንት ልጆችን አጫውቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ልቡ ቅን መሆኑ አይካድም። ልጁ ግን ስሙን በለመደ ማግሥት እንግዳው ይሄድበታል፤ ቀጥሎም ሌላ እንግዳ ይመጣል። የ1920ዎቹ ሰዎች ቢያንስ ቋንቋ ለመማርና ብዙ ዓመት ለመቀመጥ አስበው ነው የመጡት። በዚህ ረገድ የበለጡ ይመስለኛል፤ ፈተናቸውም በዚያው መጠን ከባድ ሆነ።

ላምቢ በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት ባሠሩ ጊዜ፣ የውጭ አገር ሰው የመሬት ባለቤት መሆን ስለማይችል፣ አሜሪካዊ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ይህን ያደረገ የውጭ አገር ሰው ጥቂት ነው። በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲቋቋም ዋና ጸሐፊው እሳቸው ነበሩ። ጣሊያን በሐኪም ቤት ድንኳን ላይ ቦምብ ሲጥልና በመርዝ ጋዝ ሕዝብ ሲፈጅ ለዓለም ከመሰከሩት አንዱ ነበሩ።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ግን አዲስ አበባ ተያዘች። ላምቢ የሚሲዮኑ ሥራ እንዳይዘጋ ሲሉ ለጣሊያን መንግሥት ገቡ፤ ቀድሞ የመሰከሩትንም ቃል መለሱ። ስለ ሰውየው የሚጽፍ ሁሉ በዚህ ነገር መቸገሩ አይቀርም። ያን ጊዜ ዜግነታቸው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ንጉሠ ነገሥታቸው በስደት ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለዚያው መርዝ ይናገራሉ፤ በየዱሩ ያለው አርበኛም መሣሪያውን አላስቀመጠም። ሐኪም ቤቶቹንና ትምህርት ቤቶቹን ለማዳን ነው የሚለው ምክንያት ይገባል፤ ይሁን እንጂ በመርዝ ለተቃጠለው ሰው የሚቀርብ መልስ አይደለም። ደግሞም ሥራውን አላዳነውም። ጣሊያኖች ሚሲዮናውያኑን ከደቡብ አስወጧቸው፤ የመጨረሻዎቹም በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ወጡ።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፈረንጆቹ ሲሄዱ በወላይታ ያመነው ሰው መቶ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከድል በኋላ ሲመለሱ ግን ብዙ ሺህ ሆኖ አገኙት። በከምባታና በሐድያም እንዲሁ ቁጥሩ በዝቶ ነበር። ሥራውን የቀጠሉት ብዙዎቹ ፊደል በቅጡ ያልቆጠሩ የአገሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ለእምነታቸው ታስረዋል፣ ተገርፈዋል።

ላምቢ ይህን ለማየት አልተመለሱም። ከነጻነት በኋላ በኢትዮጵያ መሥራት ስላልተቻላቸው ወደ ፍልስጥኤም ሄደው በቤተ ልሔምና በኬብሮን መካከል ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ቤት አቋቋሙ። በ1946 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያሠሩት ሐኪም ቤት በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተጠርቶ ኖረ፤ ዛሬም በዚያው ስፍራ አለርት ሆስፒታል ሕሙማንን ይቀበላል።